«ከሩቅ ሆኖ መዝፈን ቀላል ነው» ለተባለው

የአዌቱ ልጅ፦
ትናንት ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን የሱዳናዊው ዘፋኝ የመሐመድ ወርዲ ዘፈን ተከፈተ። አጠገባችን የነበረ ሰው «የሱዳን ዘፋኞች አገራቸው እየነደደች ካይሮና ናይሮቢ ሄደው ይዘፍናሉ። ከሩቅ ሆኖ መዝፈን ቀላል ነው» አለ። እስካሁን አልበረደልኝም። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት። ሰዉ ምን ያድርግ? ተቀምጦ ጥይት ይጠብቅ?

ሂርማታ፦
ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ። ዘፋኝ የሕዝብ ነው እንላለን። ሕዝቡ ሲቸገር አብሮ ካልሆነ ምኑ ነው የሕዝብ? ካርቱም አጠገብ ኦምዱርማን የቀረችው እናት የምትፈልገው ዱቄት ነው።

የአዌቱ ልጅ፦
ሻደን ጋርዱድ ቀርታ ነበር። ዘፋኝ ናት። የባጋራ ከብት አርቢዎችን የሴቶች ዜማም ታጠና ነበር። ግንቦት 2015 ኦምዱርማን ውስጥ ተገደለች። ከእሷ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ተዋናይቷ አስያ አብደልማጂድ በተኩስ መሀል ሞተች። ሻደን ወጥታ ቢሆን ዛሬ ያንን ዜማ ለልጆች ታስተምር ነበር።

ሂርማታ፦
እሷንማ አከብራለሁ። ዋጋ ከፍላለች።

የኮቺ እህት፦
ወንድሜ፣ ለመከበር የግድ መሞት ነበረባት? እኔ «ቀላል» ያልካት ቃል አልዋጥ አለችኝ። አክስቴ ጂዳ ሠራተኛ ሆና ስትኖር የእናቷን ሞት በስልክ ነው የሰማችው። እኛ እዚህ ድንኳን ጥለን፣ ጎረቤት ከቦን አለቀስን። እሷ በማግስቱ የሰው ቤት ወለል ስትወለውል ዋለች። ከሩቅ ሆኖ ማልቀስ እንዲህ ነው። ወርዲ ከ1989 እ.ኤ.አ. መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ወጥቶ የተመለሰው በ2002 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት! ይኼ ነው ቀላል?

ሂርማታ፦
የአክስትሽ ሐዘን ያሳዝነኛል። ግን እሷ መድረክ ላይ ወጥታ አልተጨበጨበላትም።

መንደራ፦
ወርዲ አረብ ነው፣ እኛን ምን አገባን?

የአዌቱ ልጅ፦
ኧረ ኑቢያ ነው! በኑቢያኛም በአረብኛም ዘፍኗል። ጠንቡራቸው የኛ ክራር ዘመድ ነው። ቅኝታቸውም እንደኛው ባለ አምስት ድምፅ ነው። ቋንቋውን ሳናውቅ አብረን የምናንጎራጉረው ለምን ይመስልሃል?

መንደራ፦
ጠንቡርና ክራር አንድ አይደሉም። አባቴ ክራር ይሠራ ነበር፣ እኔን አታስተምረኝ።

የአዌቱ ልጅ፦
አንድ ነው አላልኩም። ዘመድ ነው ያልኩት።

ጋሼ ከጅሬን፦
ልጆች፣ ክራሩን ተዉትና ይህን ስሙ። ጣሊያን ይችን ጅማን የግዛት ዋና ከተማ አድርጓት ነበር። የምትቀመጡበት ፈረንጅ አራዳ ስሙ ከየት መጣ? ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎች እንዲረሸኑ አዘዘ። መሣሪያ ያልያዘ ሰው ለምን ያስፈራል? ዘፈኑ ስለሚሰማ ነው። በዚያው የወረራ ዘመን ገጣሚውና የቴአትር ደራሲው ዮፍታሔ ንጉሤ ተሰደደ። የት? ሱዳን! እኛን ያስጠጉን እነሱ ናቸው። ዛሬ በመተማና በኩርሙክ ድንበር ሲመጡብን «ሸሽታችሁ» ማለት ከኛ አይጠበቅም።

ሂርማታ፦
ጋሼ፣ እርስዎን አክብሬ ልመልስ። ያኔ ጠላት ከውጭ የመጣ ነው። የሱዳኑ ግን ወንድም ከወንድሙ ነው። ሠራዊቱ አለ፣ የሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው ኃይል አለ። ካይሮ የተቀመጠው ዘፋኝ አንዱን ጄኔራል ቢያወድስ፣ የሚሞተው የሌላ እናት ልጅ ነው። እሱን ጥይቱ አይደርሰውም። «ቀላል» ያልኩት ለዚህ ነው።

የኮቺ እህት፦
እንደሱ ብትል መጀመሪያውኑ አልጣላህም ነበር። ለጦር የሚቀሰቅስ ዘፋኝን እኔም እቃወማለሁ፣ አገር ውስጥም ይኑር ውጭ። አንተ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ነው የወቀስከው። ወርዲ እኮ የሰሜን ሰው ሆኖ፣ በሰሜንና በደቡብ ሱዳን ጦርነት ዘመን እዚሁ ጋምቤላ ኢታንግ መጥቶ ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች ዘፍኗል። አገሩ ቢሆን ይፈቀድለት ነበር?

ሂርማታ፦
አይፈቀድለትም ነበር። እሺ፣ «ቀላል» የምትለዋን ልተው። «ይቀላል» ግን እላለሁ። ከኦምዱርማን ካይሮ ይቀላል።

የኮቺ እህት፦
ከመሞት መኖር ይቀላል፣ ማን ካደ? ስለ መዝፈኑ ነው የጠየቅኩህ። እሱን አልመለስክልኝም።

መንደራ፦
ጠንቡር ስንት ጅማት ነው ያለው? ክራር ስድስት ነው።