ዋልካ ላይ የተሰራ የእንጨት ወለል እየተነሳብኝ ነው

ሰላም ወገኖች፣ ደሴ ነው ያለሁት። ከቤቱ ጎን እናቴ ፀሐይ የምትሞቅበት 3 በ4 ሜትር የሆነ ዝቅ ያለ የእንጨት ወለል ሰርቻለሁ፣ ከመሬት እስከ በሩ ደፍ 20 ሳንቲም ብቻ ስለሆነ ቋሚ አቁሞ ከፍ ማድረግ አይቻልም። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ሳሩን ነቅዬ ጠጠር አፈሰስኩ፣ በላዩ ብሎኬት በየ1 ሜትሩ፣ ከዛ ሞራሌ (ጣውላውን የሚሸከመው ወፍራም እንጨት)፣ ከዛ የባህር ዛፍ ጣውላ፣ ሞራሌውን ለምስጥ ብዬ የተቃጠለ ዘይት ቀብቼዋለሁ፣ በጣውላዎቹ መሀልም ውሃ የሚወርድበት ክፍተት አለ። በጋውን ደህና ነበር። የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ግን ዋልካው አበጠና በውጪ በኩል ያሉትን ብሎኬቶች ገፍቶ አነሳቸው፣ በክዳኑ ጥላ ስር ያሉት ግን ንቅንቅ አላሉም፣ ስለዚህ ወለሉ ወደ ቤቱ አዘነበለና ውሃው አሁን ግድግዳው ስር ነው የሚተኛው፣ ቤቱ ደግሞ የጭቃ ነው፣ በጣም ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ፈትቼ ብሎኬቶቹን ዝቅ አድርጌ አስተካከልኩ፣ ዝናቡ ሲደጋገም ተመልሶ ተነሳ። አንድ አናጢ ዋልካውን አውጥተህ ገረጋንቲ (ጠጠር ያለበት፣ የማያብጥ የመሙያ አፈር) ሙላና ጠቅጥቀው አለኝ፣ ሀሳቡን ወድጄዋለሁ ግን ግድግዳው ስር በጥልቀት መቆፈር ያስፈራል። ዋልካ ላይ የሰራችሁ ካላችሁ፣ የቤቱን መሠረት ሳልነካ ምን ያህል ጥልቀት ቆፍሬ ገረጋንቲ ብሞላ ነው ወለሉ ክረምት ላይ የማይነሳው?