የማረሻው ሰነድ፣ ዓርብ ይገባል

ጸሐፊ፦ የትኛው ብረት ቶሎ እንደሚያልቅ ለማየት እኛ ቀጥቃጮች እስካሁን የተስማማንበት ሦስት ማረሻ ነው። አንዱ ከፌሮ (ከግንባታ ብረት)፣ አንዱ ከባሌስትራ (ከመኪና ሞላ)፣ አንዱ ባሌስትራ ሆኖ ጫፉ በጠንካራ ኤሌክትሮድ የተበየደ። ከማረስ በፊትና በኋላ ይመዘናሉ። የሚጨመር ካለ ዛሬ ይጻፍ።

የመቂው፦ ፌሮውን ለምን? ካርቦኑ ትንሽ ነው፣ አግለህ ብትነክረውም አይጠነክርም። የኛ አሸዋ ባሌስትራውንም ይበላዋል፣ ግን ቀስ ብሎ።

የቢሾፍቱው፦ ገበሬው የሚገዛው ፌሮውን ነዋ! ልዩነቱን በሚዛን ካላሳየነው ማን ጨምሮ ይከፍላል? ደግሞ የኛም አፈር ይግባ። መረሬ ይጣበቃል እንጂ እንደ አሸዋ አይፍቅም።

ገንዘብ ያዥ፦ ማህተሙስ? የማን ፊደል ነው የሚመታበት? ባለፈው እኛ ቀጥቅጠን ሌላው ስሙ ወጣበት።

የመቂው፦ ጀመረ ደግሞ።

ገንዘብ ያዥ፦ አዎ ጀመርኩ። የከሰሉን ከኪሴ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

የቢሾፍቱው፦ ጫፉ ላይ ከመታችሁት ወዲያው ይፋቃል። እንጨቱ የሚገባበት ጋ ይሁን።

የመቂው፦ እዚያ ማን ያየዋል?

ሊቀመንበር፦ የትም ይሁን፣ ሳይነከር በፊት፣ ቀይ ሳለ ይመታ። ማግኔት መያዝ ሲተው ትንሽ ጨምራችሁ አሙቁና በዘይት ንከሩት። ከዚያ መልሳችሁ በመጠኑ አሙቃችሁ ካላለዘባችሁት ድንጋይ ሲነካ ይሰበራል። በውኃ ነክሮ የሰነጠቀ ሰው እዚህ አለ። ስም አልጠራም።

የቢሾፍቱው፦ እኔን ነው? አንዴ ነው የሰነጠቀው!

ሊቀመንበር፦ ሦስቴ።

የቢሾፍቱው፦ ወጥቻለሁ። በሬም ከሌላ ፈልጉ።

ጸሐፊ፦ ሚዛን አመጣለሁ ያለው ልጅ የት ገባ? የእህል ሚዛን አይሆንም፣ የሚጠፋው ግራም ነው።

የመቂው፦ ስልኩን አያነሳም።

ገንዘብ ያዥ፦ የሦስቱንም ቤት ፊደል ባንድ ማህተም ላይ እናስቀርጽ። ሒሳቡ እዚሁ ሰነድ ውስጥ ይግባ።

የቢሾፍቱው፦ የኛ ከቀደመ እመለሳለሁ።

የመቂው፦ በፊደል ተራ ይሁን።

የቢሾፍቱው፦ በሀለሐመ ከሄድን «መ» «በ»ን ይቀድማል። አውቀህ ነው!

ሊቀመንበር፦ በክብ ይቀረጽ። ክብ መጀመሪያ የለውም።

የቢሾፍቱው፦ እሺ። በሬው ግን ከሰኞ በፊት አይገኝም።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ሰነዱ እንዲህ ሆኗል። የጋራ ማህተም ማስቀረጽ፣ ለእሱ የሚሆን ብረት መግዛት፣ ሚዛን ከተገኘ ሁለት ማረሻ መመዘን። የተበየደው ወጥቷል፣ ኤሌክትሮዱ ውድ ነው።

የመቂው፦ ፌሮውስ?

ጸሐፊ፦ ፌሮው አለ። እጃችን ላይ ያለው እሱ ነው።