የ4ኛ ክፍል ልጆቼ «ጣናም ይፈነዳል?» አሉኝ፤ ስለ ድንጋይና እሳተ ገሞራ በምን ላስተምራቸው?

የጣና ዳር መምህርት

ሰላም ለዚህ ቤት። የማስተምረው ባሕር ዳር ነው፤ 4ኛ ክፍል፣ የአካባቢ ሳይንስ። በክፍሌ 58 ልጆች አሉ፤ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። አሁን ስለ አለት፣ ስለ መሬት ገጽታ፣ ስለ እሳተ ገሞራና ርዕደ መሬት የምናስተምርበት ጊዜ ደርሷል። እኔም ተጨንቄያለሁ።

አምና ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው፣ ገለበጡ፣ በቃላቸው ያዙ፣ ፈተናውንም ደፈኑት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከግቢ አንድ ጥቁር ድንጋይ አንስቼ «ይሄ ከየትኛው ዓይነት ነው?» ብላቸው ሁሉም ዝም። አንዱ ብቻ እጁን አወጣና «እሱማ ድንጋይ ነው፣ አለት አይደለም» አለኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። አለት ማለት ለልጆቹ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነገር ነው ማለት ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ላይ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ቪዲዮውን ሁሉም በስልክ አይቶታል። በማግስቱ መስኮት አጠገብ የምትቀመጥ ልጅ ተነስታ «ቲቸር፣ ጣናም ይፈነዳል?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ «አይ፣ አይፈነዳም» ብዬ አለፍኩት። በእረፍት ሰዓት ተከትላኝ መጣች። ቤታቸው ሐይቁ ዳር ነው። «ታናሽ ወንድሜ ዋና አይችልም» አለችኝ።

ምን ብዬ ልመልስላት? ላቦራቶሪ የለንም፣ ፕሮጀክተር የለንም። በእጅ ሊነካ የሚችል ነገር ነው የምፈልገው። ደግሞ አንዳንዶቹ «አያቴ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ትላለች» ይሉኛል። እዚያ ላይም መላ ስጡኝ።

ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር

እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ይህን ለማስተማር ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የምትረግጡት ድንጋይ ራሱ የቀዘቀዘ እሳት ነው።

በቅድሚያ ስለ ልጅቷ። «አይፈነዳም» ማለትሽ አልከፋም፤ ግን ልጅ ምክንያት ይፈልጋል። እንዲህ በያት፤ ጣናን እንዲህ አድርጎ ያጠራቀመው እሳተ ገሞራ ነው። በጥንት ዘመን በደቡብ በኩል የፈሰሰ ቅልጥ አለት የውሃውን መውጫ ዘጋው። ቀዘቀዘ፣ ጠጠረ፣ ግድብ ሆነ። ውሃው ከኋላው ተኛ። ሞልቶ ሲያልፍ ዓባይ ሆኖ ወጣ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጢስ ዓባይ ላይ ዘሎ የሚወርደውም ከጥቁር ባዛልት አፋፍ ነው፤ ከ40 ሜትር በላይ። ሐይቁ ሰፊ ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ጥልቀቱ ግን እጅግ ጠለቀ በተባለበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው።  በጽሑፍ በቆየልን ታሪክ ውስጥ ጣና ዙሪያ እሳተ ገሞራ ፈነዳ የሚል ነገር የለም።

ዛሬ የሚነደው ሌላ ቦታ ነው። አፋር ላይ የምድር ቅርፊት በሦስት አቅጣጫ ተሰንጥቆ እየተራራቀ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተከፈተ፤ ቅርፊቱ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ሃይሊ ጉቢም እዚያው ነው፤ ከእናንተ በቀጥታ መስመር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ካርታ ላይ በክር ለክተሽ አሳያት። ክሩን በጣቶቿ ትያዘው። ደግሞ ጣና የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ አይደለም፤ የስምጥ ሸለቆዎቹ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻላ፣ አባያ፣ ጫሞና የመሳሰሉት ናቸው። እዚህ ላይ መምህራን ራሳችን ስንሳሳት አይቻለሁ።

«ምድር ፈጽሞ አትነቃነቅም» ግን አትበያት። የራቀ መንቀጥቀጥ ሊሰማ ይችላል። የምድር ሙቀትም ሩቅ አይደለም፤ ከክፍልሽ ልጆች መሃል ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሄዶ የተጠመቀ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። «ውሃውን ማን አሞቀው?» ብለሽ ጠይቂያቸውና ዝም በይ። ይናገሩ።

አሁን ወደ ድንጋዩ። በእንጀራ ጀምሪ። ከልቤ ነው የምልሽ። አንድ እንጀራ ይዘሽ ግቢና «ዓይኑ ከየት መጣ?» በያቸው። ሊጡ ኩፍ ሲል ውስጡ አየር ይይዛል፤ ምጣዱ ሲግል አየሩ እየፈነዳ ይወጣል፤ ቀዳዳው ይቀራል። ቅልጥ አለትም ከምድር ሆድ ሲወጣ ጋዝ ይዞ ነው። ጋዙ እየወጣ ሳለ ድንጋዩ ቀድሞ ከጠጠረ ዓይን ያወጣል። ለመንገድና ለብሎኬት የሚደፋው ቀይ አሽ እሱ ነው። እናቶቻቸው ተረከዝ የሚፈገፍጉበት ድንጋይም የእሱ ዘመድ ነው። ዓይን ያላወጣው ድፍኑ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ባዛልት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ከእንጀራው ጋር አስቀምጪ። ከዚያ በኋላ «ድንጋይ እንጂ አለት አይደለም» የሚልሽ አይኖርም።

ደለል የሚጠጥርበትን ለማሳየት ደግሞ ባዶ ሃይላንድ በቂ ነው። አፈር፣ አሸዋና ጠጠር ጨምረሽ በውሃ ሙይው፣ አንዱ ልጅ ይበጥብጠው፣ ዴስክ ላይ ይደር። ጠዋት ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ፣ ከሁሉም በላይ ደቃቁ ጭቃ ተነጥፎ ያገኙታል። ርብና ጉማራ ከጉና ወርደው ፎገራ ሜዳ ላይና ጣና ውስጥ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ጉናም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሄደ ልጅ ካለ የዓባይ በረሃን ያስታውስ፤ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ገደሉ እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ጀሶ፣ ከታች አሸዋማው ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩ የተነጠፈው በባሕር ሥር ነው። አዎ፣ ጎጃም ባሕር ነበር።

ልውጥ አለትን አታብዢባቸው። የእብነበረድ ስባሪ አሳይተሽ «ይህ ድሮ የኖራ ድንጋይ ነበር፤ ሙቀትና ጫና ለወጠው» ካልሽ ይበቃል።

ኮብልስቶን ጠራቢ

መምህርት፣ ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ ከተማ ውስጥ ኮብልስቶን ስጠርብ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ድንጋዩን በድምፁ ነው የምናውቀው። ደህናው ጥቁር በመዶሻ ሲነካ ይጮኻል፣ እንደ ደወል። ውስጡ የተሰነጠቀው ግን ድፍን ድምፅ ነው ያለው። ልጆቹ በትንሽ ጠጠር ቀስ ብለው እየነኩ ጆሯቸውን ያስጠጉ።

አደራ የምልዎት፣ ልጅ ድንጋይ እንዳይሰብር። ፍንካቹ ዓይን ያጠፋል። ጓደኛዬ ላይ ደርሶ አይቻለሁ። ለእርስዎ ፍርፋሪና ስባሪ በነጻ እንሰጣለን፤ ስለታሙን ጫፍ አንኳኩተን አደንዝዘን።

የእናቴ የእጅ ወፍጮም ከዚሁ ዓይን ካለው ጥቁር ድንጋይ ነበር። ሲለሰልስ ትወቅረው ነበር። ቀዳዳው እህሉን ይይዛል ትል ነበር። አያቶቻቸው ቤት ወፍጮና መጅ ያለ ልጅ አይጠፋም፤ ይጠይቁ።

አዲስ አበባ የማስተምር

እህቴ፣ እኔ በርዕደ መሬቱ በኩል ልርዳሽ። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ በኩል ምድሩ ለወራት ሲንቀጠቀጥ እዚህ አዲስ አበባም ይሰማን ነበር። የካቲት 7 ላይ የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.0 ገደማ ነበር። ቤቴ ውስጥ መብራቱ ሲወዛወዝ የሆንኩትን አልረሳውም። ልጆቹ ደግሞ በማግስቱ ከእኔ የባሰ ፈርተው መጡ። ያረጋጋቸው ማብራሪያ አልነበረም፤ ልምምድ ነው። ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ልጅ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

እንዲህ ነው የምናደርገው። «ተንቀጠቀጠ!» ስል ዴስክ ሥር ይገባሉ፣ ራሳቸውንና ማጅራታቸውን በአንድ እጃቸው ይሸፍናሉ፣ በሌላው እጅ የዴስኩን እግር ይይዛሉ። ሲቆም በሰልፍ፣ ሳይገፋፉ፣ ሜዳ። ከግድግዳ፣ ከመስታወትና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ራቅ ብለው ይቆማሉ። ሦስት ልጅ አንድ ዴስክ ሥር ስለማይበቃ ያንቺ ክፍል ላይ ቀድመሽ ሞክሪው፤ ጠርዝ ላይ ያለው ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ወስኚ።

የመንቀጥቀጡን ሞገድ ለማሳየት አሥር ልጅ አሰልፊ፤ እያንዳንዱ የፊተኛውን ትከሻ ይያዝ። ከኋላ ቀስ ብለሽ ግፊ። ግፊቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ልጆቹ ግን ቦታቸው ላይ ናቸው። ቀድሞ የሚደርሰው ሞገድ እሱ ነው። ቀጥሎ ወደ ግራና ቀኝ አወዛውዢያቸው፤ እሱ ዘግይቶ የሚደርሰውና ይበልጥ የሚነቀንቀው ነው።

«የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» ስለሚሉት አያቶች፣ አያቶቹን አትንኪ። እኔ «እግዚአብሔር ምድርን እንዴት አድርጎ እንደ ሠራት ነው የምንማረው» እላለሁ። ልጁ ከአያቱም ከእኔም ሳይጣላ ይማራል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግራቸዋለሁ፤ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ኃጢአተኛ ስለሆነ አይደለም።

የጣና ዳር መምህርት

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። አመሰግናችኋለሁ። ጋሼ፣ እንጀራውን ይዤ ገባሁ። ቀይ አሹን፣ ጥቁሩን ድንጋይና እንጀራውን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። አምና «አለት አይደለም» ያለኝ ልጅ ዘንድሮ 5ኛ ክፍል ነው፤ በበር ሲያልፍ ጠርቼ አስገባሁት። ቀይ አሹን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ብዙ አየው። ከዚያ ትንሿን ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከተተና «በዚህ ነው የወጣው?» አለኝ።

ያልሆነልኝም ነገር አለ። ሎሚ ሲንጠባጠብበት የኖራ ድንጋይ አረፋ ያወጣል ብዬ በጠመኔ አሳያችኋለሁ አልኳቸው። ምንም አልሆነም። የኛ ጠመኔ ለካ ጀሶ ነው። በእንቁላል ቅርፊት ደገምኩት፤ አረፋው ሲወጣ ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። የእንቁላል ቅርፊትና የኖራ ድንጋይ አንድ ዓይነት ነገር መሆናቸውን እኔም በደንብ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ጠራቢው ወንድማችን፣ ስባሪዎቹ ደርሰውኛል። ተባረክ። ልጆቹ ድምፁን ሲሰሙ ክፍሉ ሙሉ ጸጥ ይላል።

ልጅቷ ክሩን ያዘች። ከባሕር ዳር አፋር ድረስ ወጥራ ለካች፣ ከዚያ ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ለካች፣ ሁለቱን አስተያየች። ግቢ ውስጥ በጭቃ ግድብ ሠርተን ውሃ ስናፈስበት ከሁሉም በላይ የቆየችው እሷ ነች። መሃል ላይ አንድ ጠጠር አስቀመጠችና ውሃው ሲከበው አይታ «ታዲያ ደቅ ደሴት እንዴት ሳትሰጥም ቀረች?» አለችኝ።

መልሱን ለሰኞ ቀጥሬያታለሁ። ጋሼ፣ እስከ እሁድ ማታ ይጻፉልኝ።