ከወሩ አዳዲስ የ«አሜሪካና» እና የፎክ አልበሞች አንዱን ብቻ እንዴት እንምረጥ?

የአርብ አድማጭ

ጤና ይስጥልኝ። በእያንዳንዱ የፈረንጆች ወር መጨረሻ፣ በወሩ ከወጡት የ«አሜሪካና» (ካንትሪ የሚባለው የአሜሪካ የገጠር ዘፈን፣ ብሉዝና የመሳሰሉት የሚገናኙበት ሙዚቃ) እና የፎክ (የሕዝብ ባህላዊ ዘፈን) አልበሞች አንዱን ብቻ መርጬ ምክንያቱን በማስታወሻዬ አሰፍራለሁ። የሚከብደኝ ወሩ ሲበዛ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2024 በዋለው አርብ ብቻ የሲየራ ፌረል «ትሬይል ኦቭ ፍላወርስ»፣ የዋክሳሃቺ (የዘፋኟ ኬቲ ክራችፊልድ የመድረክ ስም) «ታይገርስ ብለድ» እና የኤድሪያን ሌንከር «ብራይት ፊውቸር» በአንድ ቀን ወጡ፤ ወሩ ሊያልቅ ደግሞ የቀረው ከአሥር ቀን ያነሰ ነበር። በመጀመሪያው አርብ የወጣ አልበም ለሳምንታት ሲደመጥ፣ በመጨረሻው የወጣው ገና ሳይለመድ ለፍርድ መቅረቡ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ሚዛኑስ ግጥሙ ይሁን፣ ድምፁ፣ የመሣሪያው አጨዋወት ወይስ ከጆሮ የማይጠፋው ዜማ? እናንተ እንዴት እንደምትመርጡ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

ሸክላ ሰብሳቢ

ችግሩ የሚመነጨው ከአወጣጡ ሥርዓት ነው። ከጁላይ 2015 ጀምሮ አዳዲስ አልበሞች በአብዛኛው ዓለም አርብ ቀን እንዲወጡ ስለተወሰነ፣ አንድ አርብ ባዶውን ሲያልፍ ሌላው ተጨናንቆ ይመጣል። ስለዚህ እኔ የማርችን አልበም የምመርጠው በኤፕሪል መጨረሻ ነው።

የጠቀሷቸው ሦስት ሥራዎች ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። የፌረል አልበም በመጀመሪያው ቀን ይማርካል፤ ድምጿ፣ ፊድሉ (ቫዮሊኑ)፣ የጥንቱ የገጠር ዘፈን ለዛ ወዲያው ይይዛል፤ በ2025 የግራሚ ምርጥ የአሜሪካና አልበም ሽልማትን ማግኘቷም አላስገረመኝም። የሌንከር ግን ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከባልንጀሮቿ ጋር በጫካ ውስጥ ባለ ስቱዲዮ ተሰባስባ በአናሎግ ቴፕ የቀዳችው ስለሆነ፣ ያልተኳለ ድምፁ መጀመሪያ ላይ ያላለቀ ሥራ ሊመስል ይችላል። በዚያው ዓመት በግራሚ የፎክ ዘርፍ ታጭታ በጊሊያን ዌልችና በዴቪድ ሮውሊንግስ «ዉድላንድ» ተቀደመች፤ እኔ ግን ወር ሙሉ ከሰማሁት በኋላ የመረጥኩት የሌንከርን ነው። በወሩ መጨረሻ ፈርጄ ቢሆን ኖሮ ምርጫዬ የፌረል ይሆን ነበር።

ባለ ማሲንቆ

በመዘግየቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ለሁሉም አንድ ሚዛን መፈለግዎ ትክክል አይመስለኝም። ሪያነን ጊደንስና ጀስቲን ሮቢንሰን በኤፕሪል 2025 ያወጡትን «ዋት ዲድ ዘ ብላክበርድ ሴይ ቱ ዘ ክሮው» ይውሰዱ። ሁለቱ ፊድልና ባንጆ (ጊታር መሰል ባለ ክር መሣሪያ) ይዘው ወደ ሰሜን ካሮላይና በመመለስ፣ ከመምህራቸው ከፊድል ተጫዋቹ ጆ ቶምፕሰን ጋር በተያያዘ ስፍራ ሳይቀር ከቤት ውጭ ስለቀዱት፣ ወፎቹና የነፍሳቱ ጩኸት አብረው ይሰማሉ። ባንጆ በባርነት ወደ አሜሪካ የተወሰዱ አፍሪካውያን ይዘውት ከሄዱት የሙዚቃ ዕውቀት የተገኘ መሣሪያ መሆኑን ለሚያስታውስ አድማጭ፣ ይህ አልበም ትልቅ የአደራ ሥራ ነው። በግጥም ብቻ ከመዘኑት ግን ዋናው ነገር ያመልጥዎታል፤ ክብደቱ ያለው በቀስቱ ምት ላይ ነውና። ማሲንቆ ስለምጫወት ለቀስት አደላ ይሆናል፤ ቢሆንም አንዱን ዜማ ለብቻው ደጋግመው እንዲያዳምጡ አጥብቄ እመክራለሁ።

በአንጻሩ ጄሰን ኢዝቤል በማርች 2025 ያወጣው «ፎክስስ ኢን ዘ ስኖው» አንድ ድምፅና አንድ አኩስቲክ ጊታር ብቻ ስለሆነ፣ ቃላቱ ካልቆሙ አልበሙ አይቆምም። እያንዳንዱን ሥራ ሊሠራው በተነሣበት ነገር መመዘን ይሻላል።

የሩቅ ጆሮ

እኔ በማዘግየቱ አልስማማም። የወር ምርጫ ዋጋው የዚያን ወር ስሜት መያዙ ነው፤ ረጋ ያለው ፍርድ በዓመቱ መጨረሻ ይደርሳል። መጀመሪያ የመረጡትን ሳይሰርዙ ይተዉት፤ በኋላ ሐሳብዎ ቢለወጥ ከሥሩ ይጨምሩበት። የሚመጥን ካልተገኘም ወሩ ያለ ምርጫ ይለፍ እንጂ ለቁጥር ማሟያ አይምረጡ።

አልበሙ «አሜሪካና» ነው ወይስ አይደለም በሚለው ክርክርም ብዙ አይድከሙ። ግራሚ ለስሙ ራሱን የቻለ የአልበም ዘርፍ የሰጠው በ2010 ሲሆን የመጀመሪያው አሸናፊ ለበርካታ ዓመታት የሮክ ከበሮ ሲመታ የኖረው ሌቨን ሄልም ነበር። ካንትሪው፣ ብሉዝና ጎስፕሉ፣ የድሮው ሮክ ሁሉ የሚገናኙበት ሰፊ ቤት ነው።

የአርብ አድማጭ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በወሩ መጨረሻ መርጬ እጽፋለሁ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት አርቦች የወጡትን ግን በቀጣዩ ወር እንደገና አቀርባቸዋለሁ። ስለ ማርች 2024 ከሸክላ ሰብሳቢ ጋር ባንስማማም፣ ምርጫዬ «ታይገርስ ብለድ» ሆኖ ይቆያል፤ ኬቲ ክራችፊልድና ኤምጄ ሌንደርማን «ራይት ባክ ቱ ኢት»ን አብረው ሲያዜሙ፣ ረጅም ፍቅር ውስጥ ያለ ሰው የሚሰማውን ጥርጣሬና መመለስ ድምፃቸው ብቻውን ይናገራል። ባለ ማሲንቆ፣ የጊደንስንና የሮቢንሰንን አልበም በዚህ ሳምንት እንደነገሩኝ ቀስቱን እየተከተልኩ እሰማዋለሁ።