የሳይንስ መጻሕፍት ንባብ፦ ረቂቅ ፕሮፖዛሉ ላይ ሐሳብ ስጡበት

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለቤተ መጻሕፍቱ የምናስገባው ረቂቅ ይኸው። ሦስት መጻሕፍት፤ ሁለቱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ። ጆን ግሪን እ.ኤ.አ. በ2025 ስለ ሳንባ ነቀርሳ ያሳተመው፣ ሱዛን ሲማርድ በ2021 ስለ ዛፎች የጻፈችው፣ ሬቤካ ስክሉት በ2010 ሕዋሷ ሳትጠየቅ ስለተወሰደባት አሜሪካዊት ሄንሪታ ላክስ ያወጣችው። ሦስቱንም ተርጉመን በፒዲኤፍ ብንለቃቸውስ?

መምህር፦ ፒዲኤፉ ይቅር። ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ተርጉሞ ማሰራጨት በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 የተከለከለ ነው፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ የማኅበር ማኅተም አይረገጥም። አንብቦ በአማርኛ የሚተርክ ሰው እንመድብ፣ አድማጭ ይጠይቅ።

ሲስተር፦ መምህር ልክ ብለዋል። የሳንባ ነቀርሳው መጋቢት 15 ይሁን። ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 የበሽታውን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያስታወቀበት ዕለት ነው፤ የዓለም የቲቢ ቀንም ያኔ ይከበራል። መጽሐፉን የወደድኩት መድኃኒቱ እያለ ሰው ለምን ይሞታል ብሎ ስለሚሟገት ነው። ሄንሪ የሚባለው የሴራሊዮን ልጅ ታሪክ እኛ ከምናየው ብዙም አይርቅም። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል። በሁለተኛው ወር ሳሉ ሲተወው፣ እህል ሲበላለት፣ «ድኛለሁ» ብሎ የሚቀር አለ፤ መድኃኒት የተላመደው ቲቢ አንዱ መንገዱ ይኸው ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ጎረቤት እንዳይሰማ «ብርድ መትቶት ነው» ይባላል። ተራኪው ይህን ሳያነሳ እንዳያልፍ፤ እኔም ከጎኑ እቀመጣለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ አብሽሪ ሲስተር! የዛፉን ለኛ ተዉልን፣ የጎፍ ደን ሥር ሆነን እንወያይበታለን። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ሲማርድ እ.ኤ.አ. በ1997 በርች እና ዳግላስ ፈር የሚባሉ ዛፎች ካርቦን እንደሚለዋወጡ አሳይታለች። «እናት ዛፍ ከመሬት በታች ሥሮችን በሚያገናኝ የፈንገስ መረብ ልጆቿን ትመግባለች» የሚለውን ግን ጀስቲን ካርስትና ባልደረቦቿ በ2023 መርምረው፣ ከደን የተገኘው ማስረጃ ያን ያህል አያስኬድም ብለዋል። ሁለቱም ወገን ይቀርባል። ደግሞ ሲማርድ ባጠናቻቸው የካናዳ ዛፎች ላይ ፈንገሱ የሥሩን ጫፍ ከላይ ይሸፍናል፤ የኛ ጽድና ወይራ ላይ ያለው የሥሩ ሕዋስ ውስጥ የሚገባ ሌላ ዓይነት ነው። ስለዚህ የካናዳውን ታሪክ እንዳለ አምጥተን የጎፍ ላይ አንለጥፍም።

ጋሼ፣ ገንዘብ ያዥ፦ እናንተ ልጆች፣ ሦስት መጽሐፍ ከውጭ ለማስመጣት ካዝናችን አይችልም። የላክስ ለከርሞ ይደር።

ሲስተር፦ ኧረ ጋሼ! እሱማ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1951 ሳትጠየቅ ከተወሰደው ሕዋሷ የመጣ የሕዋስ ዘር ዛሬም በየላቦራቶሪው ይራባል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሃራልድ ዙር ሃውዘንና ባልደረቦቹ የማኅፀን በር ካንሰርን ቫይረስ ዘረመል ካገኙባቸው ሕዋሳት አንዱም የሷ ነው። ልጆቻችን የሚከተቡት ይህንኑ ቫይረስ ለመከላከል ነው፤ እናቶች ታሪኩን ቢሰሙ ምናለበት? የኔን ቅጂ አውሳለሁ።

ጋሼ፦ ከተዋሰማ ምን ቸገረኝ፣ ይግባ። ቡናውን ግን ከየቤታችሁ።

ጸሐፊ፦ ትርጉሙ ከረቂቁ ተሰርዟል። ሳንባ ነቀርሳው መጋቢት 15 ደሴ፣ ላክስ ግንቦት እዚሁ፣ ዛፉ ኮምቦልቻ፤ ቀኑን እናንተ ቁረጡ። ለላክስ ተራኪ አላገኘሁም፤ ሴት ብትሆን ይመረጣል። እስከ ዓርብ ስም ስጡኝ፣ ሰኞ አስገባዋለሁ።