የሻንዶር ሳቦ መታሰቢያ ምሽት፦ የጋራ ዕቅዱ ላይ የአባላት ውይይት

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልን። ለአዳራሹ አስተዳደር የምናስገባው የዕቅድ ረቂቅ ይኸውና። ዓርብ ግንቦት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. (ጁን 5፣ 2026) ምሽት፣ በአሜሪካ ስሙ የገነነው የሃንጋሪ ተወላጅ የሬስሊንግ (የትግል ስፖርት) ተፋላሚ ሳቦ በቴሌቪዥን ዘመን ያደረጋቸውን ትግሎች ለአንድ ሰዓት ያህል እናሳያለን። በመግቢያው ላይ ደግሞ ፎቶና ጽሑፍ ያለባቸው 10 ሰሌዳዎች ይቆማሉ። ቀኑን የመረጥነው ሳቦ ሴንት ሉዊስ ውስጥ ብሮንኮ ናጉርስኪን ጥሎ የዓለም ከባድ ሚዛን ቀበቶ የወሰደበት 85ኛ ዓመት ስለሚውልበት ነው። ማኅበሩ 6 ጥቅል ባለ 16 ሚሊሜትር ፊልም አለው፤ እያንዳንዱ 400 ጫማ ነው። ረቂቁ ከገንዘቡ ሁለት ሦስተኛውን ለሰሌዳዎቹ፣ ቀሪውን ለፊልሙ መድቧል። ያልተስማማችሁበትን ጻፉ።

የፊልም ክፍል፦
ክፍፍሉ ይገልበጥ። ሰሌዳ ዘንድሮ ባይታተም ለከርሞ ይታተማል፤ ፊልሙ ግን ጊዜ አይሰጠንም። ቆርቆሮዎቹ ሲከፈቱ ከቁጥር 2 እና ከቁጥር 5 የአቼቶ ሽታ ወጥቷል። ይህ ሽታ የሚመጣው የፊልሙ መደብ የሆነው አሲቴት ሲፈርስ አሴቲክ አሲድ ስለሚለቅ ነው። የተለቀቀው አሲድ መፍረሱን መልሶ ያፋጥነዋል፣ በዚያው መደርደሪያ ላይ ያሉትንም ይመርዛል። ሁለቱን ከሌሎቹ መለየት የመጀመሪያው ሥራ ይሁን።

ቀጥሎ በየቆርቆሮው አሲድ ሲነካው ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ የሚለወጠውን መለኪያ ወረቀት አስገብቶ ክዳኑን ቢያንስ ለ24 ሰዓት መዝጋት ነው። መለኪያው ከ0 እስከ 3 ይሄዳል። 1.5 የደረሰ ጥቅል መፍረሱ ራሱን በራሱ የሚያፋጥንበት ደረጃ ላይ ስለሆነ በስካን ወረፋው ፊት ይቀመጣል። ከዚያ መጨማደዱን እንለካለን። በ16 ሚሊሜትር የማሳያ ቅጂ ላይ 100 ፍሬም 762 ሚሊሜትር መሆን አለበት። 754 ከሆነ ፊልሙ 1 በመቶ አጥሯል፤ የማሳያ ማሽኑ ጥርስ ቀዳዳዎቹን ይቀዳቸዋል። እንዲያውም ዋናው ፊልም፣ ቢያጥርም ባያጥርም፣ በማሳያ ማሽን ላይ መውጣት የለበትም። ስካን የሚያደርግልን ድርጅት ጥርስ በሌለው፣ በጎማ ጥቅልል በሚስብ ማሽን መሥራቱ በውሉ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ተቀብያለሁ፣ ግን መጠኑን ማወቅ አለብኝ። 6 ጥቅል ስንት ደቂቃ ይሆናል? ስንት ዲስክ እንግዛ?

የፊልም ክፍል፦
16 ሚሊሜትር ፊልም በአንድ ጫማ 40 ፍሬም ይይዛል። 400 ጫማ 16,000 ፍሬም ነው፤ በሰከንድ 24 ሲሄድ 11 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ። ስድስቱ 66 ደቂቃ ገደማ ይሆናሉ። በ2ኬ (በአግድም 2,000 ያህል ነጥብ ባለው ጥራት) በጥሬው ፍሬም በፍሬም ከተቀመጠ አንዱ ጥቅል ብቻ 200 ጊጋባይት ይበላል። ፕሮሬስ 422 ኤችኪው በሚባለው የተጨመቀ የቪዲዮ ዓይነት ከሆነ ለአንድ ጥቅል 15 ጊጋባይት ይበቃል። እንደኔ ጥሬው የሚያዝላቸው ቁጥር 2 እና 5 ብቻ ይሁኑ፣ ምክንያቱም ለእነሱ ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላል። ከ2ኬ በላይ ግን ገንዘብ ማባከን ነው፦ ምስሉ መጀመሪያውኑ 525 መስመር ካለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀዳ ነው።

ቅጂው ሦስት ይሁን፣ ሁለቱ በተለያዩ ዲስኮች፣ ሦስተኛው በሌላ ከተማ። ለእያንዳንዱ ፋይል የማረጋገጫ ቁጥር ይውጣለትና በየስድስት ወሩ ይመሳከር።

አባል፣ ከቅንብር በኩል፦
ሁለት ጥያቄ። ምስሉ መሐል ላይ አግድም የሚንቀጠቀጥ ደብዛዛ መስመር አለ፤ ይጠፋል ወይ? ደግሞስ ቀለም ብንቀባው ወጣቱ አይወደውም?

የፊልም ክፍል፦
መስመሩ ከአቀዳዱ የመጣ ነው። ቪዲዮ ቴፕ ከመምጣቱ በፊት የቀጥታ ሥርጭት የሚቀመጠው የፊልም ካሜራ በሞኒተር ፊት ተገትሮ ነበር፤ ኪነስኮፕ የሚሉት ይህን ነው። የአሜሪካ ቴሌቪዥን በሰከንድ 30 ምስል ያሳያል፣ ፊልሙ የሚይዘው 24 ነው። ልዩነቱን ለማስታረቅ የካሜራው መዝጊያ ከአንዱ ምስል ግማሹን፣ ከሚቀጥለው ግማሹን ያገጣጥማል። መዝጊያው በጥቂቱ ከሳተ መጋጠሚያው ላይ ብሩህ ወይም ጥቁር መስመር ይቀራል። በለስላሳ የብርሃን ማስተካከያ ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ እናጥፋው ብላችሁ ማጣሪያውን ብትጭኑት ግን በፍጥነት የሚንቀሳቀስ እጅ አብሮ ይጠፋል። ሳቦን ለማየት የሚመጣ ሰው የሚያየው እጁን ነውና መስመሩ ትንሽ ይቅር።

ቀለም አንቀባም። የካባውንና የቁምጣውን ቀለም ከፊልሙ ማወቅ አይቻልም፣ የማናውቀውን ደግሞ በሳቦ ላይ አንቀባም።

ድምፁ ላይ ግን አደራ። በ16 ሚሊሜትር ፊልም ድምፁ ከምስሉ 26 ፍሬም ቀድሞ ነው የታተመው። ድምፁ ለብቻው ከተነበበና ካልተስተካከለ፣ ሰውየው ምንጣፉ ላይ ሳይወድቅ ከአንድ ሰከንድ በላይ ቀደም ብሎ የመውደቁ ድምፅ ይሰማል። ርክክብ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ይሁን፦ አንድ ውድቀት ፈልጉና ፍሬም በፍሬም ተመልከቱ።

የታሪክ ክፍል፦
እኔ ሰሌዳዎቹ ላይ ነኝ። ስድስት ይበቃሉ፤ 10 ሲሆኑ ጽሑፉ መደጋገም ይጀምራል። ሁሉም ኤ1 መጠን (59 በ84 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ይሁኑ። አሁን በረቂቁ ያገኘኋቸውን ስሕተቶች ላንሳ፣ ብዙዎቹ በየቦታው የሚደጋገሙ ናቸውና።

ስሙ። ረቂቁ ‘ሳንዶር ዛቦ’ ብሏል። በሃንጋሪኛ ብቻውን የሚጻፈው የላቲን ‘ኤስ’ እንደ እኛ ሸ ይነበባል፤ ‘ኤስ’ እና ‘ዜድ’ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ሰ ናቸው። ስለዚህ ሻንዶር ሳቦ ነው። አሜሪካኖቹ ሳንዶር ይሉት ስለነበር ይህኛው አንድ ጊዜ በግርጌ ይጠቀስ። የሃንጋሪ ጋዜጣ የሚያገላብጥ ሰው የቤተሰብ ስሙን አስቀድሞ ‘ሳቦ ሻንዶር’ ብሎ ይፈልግ፤ የአሜሪካ ጋዜጣ የሚፈልግ ደግሞ አናባቢው ላይ ያሉትን ምልክቶች ይተዋቸው። ሳቦ ልብስ ሰፊ ማለት ነው፣ ሻንዶር እስክንድር፤ ሁለቱም በሃንጋሪ እጅግ የተለመዱ ስሞች በመሆናቸው የሌላ ሰው ፎቶ ሊገባብን ይችላል። ዓመተ ምሕረቱና የትግል ቦታው ሳይመሳከር አንድም ፎቶ እንዳይገባ።

የትውልድ ቦታው። በ1906 ሲወለድ ካሻ የሃንጋሪ መንግሥት ከተማ ነበረች (‘በእኛ’ ካላልኩ በቀር የታሪኩ ዓመታት እንደ ፈረንጆች ናቸው)። ከ1920ው የትሪያኖን ስምምነት በኋላ ወደ ቼኮስሎቫኪያ ሄደች፣ ዛሬ ኮሺትሴ ተብላ በስሎቫኪያ ትገኛለች። ‘ስሎቫኪያ ተወለደ’ ብለን ብንጽፍ ሃንጋሪዎቹ ይቆጣሉ፣ ልክም ናቸው። ሁለቱም ስም ይቀመጥ።

ቀበቶው። ትልቁ ስሕተት እዚህ ነው። በ1941 ያሸነፈው የናሽናል ሬስሊንግ አሶሴሽንን ቀበቶ ነው። ረቂቁ ‘ናሽናል ሬስሊንግ አሊያንስ’ ይላል። አሊያንስ በ1948 አዮዋ ውስጥ ዋተርሉ ላይ ነው የተመሠረተው፤ በ1941 አልነበረም። የሁለቱም ምህጻር ኤን ደብሊው ኤ ስለሆነ ሰው ይሳሳታል። ተፋላሚው ሉ ቴዝ በ1949 ሁለቱን ቀበቶዎች ከያዘ በኋላ ደግሞ የበለጠ ተቀላቀሉ። የቦስተኑ ቀበቶም እንዲሁ ነው። ሳቦ በ1940ዎቹ አጋማሽ የያዘው የቦስተኑን የትግል አዘጋጅ የፖል ባውዘርን አሜሪካን ሬስሊንግ አሶሴሽን ቀበቶ ነው እንጂ በዚያው ስም በ1960 ሚኒያፖሊስ ላይ የተጀመረውን አይደለም። በሰሌዳ ላይ ምህጻር የሚባል አይጻፍ፣ ሙሉ ስሙ ይውጣ።

ቀኖቹ በሁለቱም አቆጣጠር ይሁኑ። ናጉርስኪን የጣለበት ጁን 5፣ 1941 በእኛ ግንቦት 28 ቀን 1933 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከተመለሱ አንድ ወር እንዳለፈ። ቀበቶውን እዚያው ሴንት ሉዊስ ለቢል ሎንግሰን ያስረከበበት ፌብሩዋሪ 19፣ 1942 ደግሞ በእኛ የካቲት 12 ቀን 1934 ይሆናል። የኛ አንባቢ እነዚህን ሁለት ቀናት አይረሳቸውም። በመካከላቸው 259 ቀን አለ።

አባል፦
ውጤቱ አስቀድሞ የሚወሰን እንደነበር በሰሌዳው ይጻፋል ወይስ ይታለፋል? ‘ጣለው’ ማለታችንስ?

የታሪክ ክፍል፦
ይጻፋል፣ አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ፣ በግልጽ። ከዚያ በኋላ ‘ጣለ’፣ ‘አሸነፈ’ እያልን እንቀጥላለን፤ ያኔም ጋዜጣው እንዲሁ ነበር የሚጽፈው። ውጤቱ የተወሰነ መሆኑ መሬት ላይ መውደቁን አያቀልለውም።

የቴሌቪዥኑን ዘመን የሚያወሳው ሰሌዳ በሎስ አንጀለስ ይጀምር። ኬ ቲ ኤል ኤ ጣቢያ የንግድ ሥርጭቱን የጀመረው በጃንዋሪ 1947 ነው፤ የትግል አስተላላፊው የዲክ ሌን ድምፅ ከኦሊምፒክ አዳራሽ የሚሰማው በዚያ ነበር። አዳራሹ በ1925 ተከፍቶ የ1932 ኦሊምፒክ ቦክስና ትግል ተደርጎበታል፤ ዛሬ የኮሪያውያን ቤተ ክርስቲያን ነው። የሕንፃው የአሁን ፎቶ ከድሮው ጎን ይቀመጥ።

የኅትመት ክፍል፦
የፎቶዎቹን ጉዳይ በአጭሩ። 8 በ10 ኢንች ፎቶ በኢንች 600 ነጥብ ስካን ሲደረግ 4,800 በ6,000 ነጥብ ይሰጣል፤ በኢንች 150 ነጥብ 32 በ40 ኢንች ይታተማል፣ ለኤ1 ይተርፋል። ከጋዜጣ የተቆረጠው ግን በነጥቦች የተሠራ ስለሆነ ከሁለት እጥፍ በላይ አይለጠጥ፤ የጨርቅ ሽመና የመሰለ ሞገድ ያወጣል። ከፊልሙ የተቆረጠ ፍሬም ለሰሌዳ አይሆንም።

የሕግ ክፍል፦
አንድ ነገር ተዘሏል። ‘ፊልሙ አሮጌ ነው፣ ባለቤት የለውም’ የሚለው የረቂቁ ዓረፍተ ነገር ይውጣ። በአሜሪካ ሕግ ከ1964 በፊት የታተመና በ28ኛ ዓመቱ የመብት ምዝገባው ያልታደሰ ሥራ ለሕዝብ ይሆናል፤ በቴሌቪዥን መተላለፍ ብቻውን ግን መታተም አይባልም። ስለዚህ ጥቅል በጥቅል የጣቢያው ስም፣ ቀኑና በፊልሙ ጫፍ ያለው ጽሑፍ ይመዝገብ፤ ባለመብቱ ከተገኘ ለአንድ ምሽት ማሳያ በጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቅ። በኢንተርኔት መልቀቅ ሌላ ፈቃድ ነው፣ አሁን አንቀላቅለው።

ምስሉ ያለበት ቲሸርት ሊሸጥ የተያዘውም ይሰረዝ። ካሊፎርኒያ የሟችን ስምና ምስል ለ70 ዓመት ትጠብቃለች። ሳቦ የሞተው በ1966 ነውና እስከ 2036 የወራሾቹ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሰብሳቢ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጸሐፊያችን፣ እንዲህ አድርገሽ አስገቢው። ሁለት ሦስተኛው ገንዘብ ለፊልሙ፤ ሰሌዳ 6፤ ሽያጭ የለም። የስካኑ ውል ላይ ሦስት ነገር ይግባ፦ ጥርስ የሌለው ማሽን፣ የ26 ፍሬም ማስተካከያ፣ የጥሬው ቅጂ ለቁጥር 2 እና 5። የሰሌዳው ጽሑፍ በታሪክ ክፍል ሳይፈረምበት ወደ ማተሚያ አይሄድም። ፈቃዱ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ካልተገኘ ምሽቱ በሰሌዳና በንግግር ይካሄዳል፣ ፊልሙ ግን ስካን መደረጉ አይቀርም።

የፊልም ክፍል፦
ተስማምቻለሁ። መለኪያ ወረቀቱ እስኪመጣ አንጠብቅም፤ ቁጥር 2 እና 5 ነገ ጠዋት ከቁም ሣጥኑ ወጥተው ለብቻቸው ይቀመጣሉ።