አከራዬ «ዛፏን እንዳትነካት» አሉኝ፣ እየቀለዱብኝ ነው ወይስ የምራቸውን ነው?

ዝናብ_በዝናብ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ በተለይ አየርላንድ ያላችሁ። ነገሩ ያስቃል ግን የምሬን ነው የምጠይቀው። ከደብሊን ወጥተን ክሌር ካውንቲ ገጠር ውስጥ ቤት ከተከራየን አምስት ወራችን ነው፣ አከራያችን ሰባ ምናምን አመት የሆናቸው ከብት አርቢ ናቸው፣ በጣም ጥሩ ሰው፣ ድንች በጆንያ በራችን ላይ አስቀምጠው ሳያንኳኩ የሚሄዱ አይነት። ከጓሮአችን ማዶ እሳቸው ሜዳ ላይ ክብ የሆነ የአፈር ግድብ ነገር አለ፣ ወገብ የሚደርስ፣ ሳር የለበሰ፣ ጠርዙ ላይ አንዲት እሾሃማ ዛፍ ብቻዋን ቆማለች፣ ነፋስ ወደ አንድ ጎን ያጎበጣት። የኢንተርኔት ዲሽ የገጠመልን ልጅ «ሲግናሉን ዛፏ እየጋረደችው ነው፣ አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ቢነሳ ይስተካከላል» ብሎኝ ሄደ። እኔም ምን ቸገረኝ ብዬ ሽማግሌውጋ ሄጄ መጋዝ ያውሱኝ አልኳቸው።

ሲስቁ የነበሩት ሰውዬ ቀጥ አሉ። «የፈለግከውን አጥር ቁረጥ፣ እሷን ግን እንዳትነካት።» ለምን ስላቸው ዝም። ቆይተው «የነሱ ናት» አሉ። የማን? ስላቸው በአገጫቸው ወደ ሜዳው አመለከቱኝ፣ ሜዳው ላይ ሶስት ላሞች ብቻ ነው ያሉት። ያምኑበታል እንዴ ስላቸው «አላምንም» አሉኝ ፊታቸው ሳይፈታ። እሺ ካላመኑ እርስዎ ይቁረጡልኛ ስላቸው «አብደሃል እንዴ!» ብለው ሻይ ሊያፈሉ ገቡ።

ሰውየው እሁድ ቅዳሴ የማያመልጣቸው ካቶሊክ ናቸው እኮ። እና ይሄ ነገር ክርስትና ከመግባቱ በፊት የነበረ የድሮ የኬልት ሃይማኖት ነው? ወይስ ለእንግዳ የሚነገር ቀልድ? ዲሹን ላዛውር ወይስ ልከራከራቸው?

ከኤኒስ_ወዲህ፦
ወንድሜ ዲሹን አዛውርና ተገላገል ሃሃሃ። አልቀለዱብህም። ዛፏ ሆውቶርን ትባላለች፣ በአይሪሽኛ ሽክያኽ ነው የሚሏት፣ አጥር ላይ በሺህ የሚቆጠር አለ እሱን ማንም እንደፈለገ ይከረክመዋል፣ ችግሩ ሰው ሳይተክላት ሜዳ ላይ ብቻዋን የበቀለችው ላይ ነው። ክቡ ግድብ ደግሞ ሊስ ወይም ራዝ ይባላል፣ በእንግሊዝኛ ፌሪ ፎርት፣ የፌሪዎች (በተረት ያሉ የማይታዩ ፍጡራን) ምሽግ እንደማለት። ሊስዱንቫርና፣ ራዝማይንስ ምናምን እያልክ የምታልፋቸው ቦታዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ነው። ውስጡ ይኖራሉ የሚባሉትን ፌሪዎች በስማቸው አይጠሯቸውም፣ «ጥሩዎቹ ሰዎች» ይሏቸዋል፣ ጥሩ ስለሆኑ አይደለም፣ እንዳይቀየሙ ነው። ክንፍ ያላት ትንሽዬ ልጅ ደግሞ እንዳትመስልህ፣ እሱ የካርቱን ነው፣ የነዚህ ሰዎች ወሬ ውስጥ ያሉት ከብት የሚያረቡ፣ ሀርሊንግ (እንደኛ ገና ያለ የዱላ ጨዋታ) የሚጫወቱ፣ የሚጋቡ፣ ጎራ ለይተው የሚዋጉ ናቸው።

አንተው ካውንቲ ውስጥ የሆነውን ልንገርህ። በ1999 ከሊመሪክ ወደ ጎልዌይ የሚወስደውን መንገድ ሲያሰፉ ላቱን የሚባል ቦታ ላይ አንዲት ሆውቶርን መስመሩ ላይ ገባች። ኤዲ ሌኒሃን የሚባል ታዋቂ ተረት ነጋሪ ተነሳና ይቺ ዛፍ የማንስተር (የደቡቡ ክፍለ ሀገር) ጥሩዎቹ ሰዎች ከኮናክቶቹ (ከምዕራቦቹ) ጋር ሊዋጉ ሲሄዱ የሚሰበሰቡባት ናት፣ ከቆረጣችኋት መንገዱ ላይ ሰው ይሞታል ብሎ ጋዜጣ ላይ ጻፈ፣ ወሬው አሜሪካ ድረስ ደረሰ። በመጨረሻ ካውንቲው ዲዛይኑን አስተካከለና ዛፏ ተረፈች፣ አጥር ተሰርቶላት ዛሬም ከመንገዱ ዳር አለች። በ2002 ደግሞ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ማታ መጥቶ በሞተር መጋዝ ቅርንጫፎቿን ጨረሳቸው፣ ግንዷ ብቻ ቀረ። በኋላ ግን እንደገና ቅጠል አወጣች።

መረጃ_ካለ_አምጣ፦
ይቅርታ ግን «የኬልት ሃይማኖት» የሚለውን ነገር እናጥራው፣ ሁሉንም አሮጌ ነገር ኬልቲክ ማለት ልማድ ሆኗል። ያ ክብ ግድብ ቤተ መቅደስም መቃብርም አይደለም። አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው እንዳዩት አብዛኛው ከ500 እስከ 1000 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሰራ የገበሬ ግቢ ነው፣ መሀሉ ላይ ቤት፣ ማታ ከብቱን አስገብተህ ትዘጋለህ፣ ሌባና ተኩላ አይገባም፣ አለቀ። በዚያን ጊዜ አገሩ ክርስቲያን ሆኗል። ባለቤቶቹ ጥለውት ከሄዱ በኋላ ማን እንደሰራው ተረሳ፣ ሲረሳ ባለቤት ተፈለገለት። በሌላ በኩል ኒውግሬንጅ የሚባለውን ትልቅ የድንጋይ መቃብር ቱሪስቱ ሁሉ ኬልቲክ ይለዋል፣ እሱ በ3200 ዓመተ ዓለም አካባቢ የተሰራ ነው፣ ኬልቲክ ቋንቋ የሚባል ነገር እዚያ ደሴት ሳይደርስ። «ኬልቲክ» የሚለው ስም ራሱ ለአይሪሽኛ፣ ለዌልሽና ለብሬቶን ቋንቋዎች ቤተሰብ የተሰጠው በ1700ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ኤድዋርድ ሉይድ የሚባል ዌልሳዊ ምሁር በ1707 ካሳተመው ስራ በኋላ። አከራይህን ኬልት ነዎት ወይ ብትላቸው ሴልቲክ የሚባለውን የእግር ኳስ ክለብ ነው የሚያስቡት።

ዛፍ ስለቆረጠ የሞተ ሰው ወሬ ደግሞ በየካውንቲው አለ። ቤልፋስት አጠገብ የዴሎሪያን መኪና ፋብሪካ ሲሰራ እንዲህ ያለች ዛፍ ተነቅላ ነው የከሰረው ይባላል። 9,000 ያህል ውድ መኪና ሰርቶ ገዢ ያጣ ድርጅት በ1982 ለመዘጋት ዛፍ አያስፈልገውም።

ሰላማዊት_ጎልዌይ፦
@መረጃ_ካለ_አምጣ እውነትህን ነው ግን ሰውየው የጠየቀው ማን ሰራው አይደለም፣ ለምን አይነኩም ነው።

እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሰራው። አምና ጃንዋሪ 31 ማታ ተረኛ ነበርኩ፣ አንዲት ዘጠና ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው እናት አሉ፣ ሁሌ በአምስት ደቂቃ የሚተኙ፣ የዛን ቀን ግን አልተኛም አሉ። ምን ፈለጉ ስላቸው የአንገት ልብሳቸውን አወጡና «ይቺን መስኮቱ ውጪ ስቀይልኝ» አሉኝ። ዝናብ ነው ይረጥባል ስላቸው «እንዲረጥብማ ነው የምፈልገው» አሉ። ለካ የቅድስት ብሪጂድ ዋዜማ ነው፣ ብራት ብሪጀ ይሉታል፣ ሌሊት ብሪጂድ በቤቱ ስታልፍ ጨርቁን ትባርከዋለች፣ ከዛ አመቱን ሙሉ ራስ ምታት ሲነሳብህ ግንባርህ ላይ ታስረዋለህ። መስኮቱ ለደህንነት ሲባል አራት ጣት ያህል ብቻ ነው የሚከፈተው፣ በዛች ክፍተት አሹልኬ ጫፉን በፕላስተር ከመስኮቱ ፍሬም ጋር ለጠፍኩት። ጠዋት ሳወጣው ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፣ ራዲያተር ላይ ላድርቀው ስል ተቆጡኝ፣ በራሱ ነው መድረቅ ያለበት። ወንበር ጀርባ ላይ ተሰቅሎ ሁለት ቀን ፈጀበት፣ ከስሩ ጋዜጣ አንጥፌ።

ያምናሉ? ብዬ ጠይቄያቸው ነበር እኔም። «እናቴ ታደርገው ነበር» ነው ያሉኝ። ሌላ መልስ የለም። በነገራችን ላይ የብሪጂድ ቀን ከ2023 ጀምሮ የመንግስት በአል ሆኗል፣ ሰው ሁሉ ከቄጤማ መሰል ተክል መስቀል ሲጎነጉን ታያለህ፣ ግን ጨርቅ የሚሰቅል ወጣት እስካሁን አላየሁም።

ዝናብ_በዝናብ፦
ኧረ አመሰግናለሁ። ላቱንን ጎግል አድርጌ አየኋት፣ ለካ ስንት ጊዜ በመኪና አልፌያታለሁ! ግን አንድ ነገር አሁንም አልገባኝም፣ የሳቸው ነገር ፍርሃት አይመስልም። የሆነ ሀዘን ነገር ነው ያየሁባቸው። ሚስቴም እንደዛ ነው ያለችው።

ማር_ለበሰ፦
ይሄን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ወንድሜ ባትከራከራቸው ጥሩ ነው፣ ምክንያቱ «ጥሩዎቹ ሰዎች» ብቻ ላይሆን ይችላል።

ኪሊን የሚባል ነገር አለ። ድሮ ሳይጠመቅ የሞተ ህጻን ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ አይቀበርም ነበር፣ ነፍሱ ሊምቦ (ገነትም ሲኦልም ያልሆነ ቦታ) ነው የሚሄደው ይባል ስለነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ የራሱን ቦታ ይፈልጋል፣ መንታ መንገድ፣ የባህር ዳር፣ የተተወ ቤተክርስቲያን፣ እና በጣም ብዙ ጊዜ እንደዚህ ያለ ክብ ግድብ ውስጥ፣ ማንም አርሶ እንደማይነካው ስለሚታወቅ። አብዛኛውን ጊዜ አባትየው ነው ሳጥኑን በክንዱ ይዞ ሲመሽ ወይም ሳይነጋ የሚሄደው፣ ቄስ የለ፣ እናትየው አራስ ቤት። ምልክቱ ስም ያልተጻፈበት ድንጋይ ነው። ይሄ ደግሞ የጥንት ታሪክ አይደለም፣ እስከ ሀያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ቀጥሏል፣ ማለትም እኛ አከራይ የምንላቸው ሽማግሌዎች ወንድምና እህት ሊሆን ይችላል። የናንተኛው ኪሊን ነው አላልኩም፣ አላውቀውም፣ ግን ዝቅ ያለ ድንጋይ ሳሩ ውስጥ ካየህ አትርገጠው።

እና አንድ ሽማግሌ «የነሱ ናት» ሲል «እነሱ» ማን እንደሆኑ ሁሌ ግልጽ አይደለም።

መረጃ_ካለ_አምጣ፦
ይሄን አላሰብኩትም ነበር፣ ጥሩ ነጥብ። ግን እምነቱን ሁሉ ማር ቀብተን እንዳናቀርበው ደግሞ አንድ ልጨምር። ቲፐሬሪ ውስጥ በ1895 ብሪጅት ክሊሪ የምትባል የ26 አመት ልብስ ሰፊ ነበረች፣ የራሷ ገቢ ያላት፣ ዘናጭ። ታመመች፣ ባሏ «ይቺ ሚስቴ አይደለችም፣ እነሱ ወስደዋት ሌላ ተክተውልኛል» አለ፣ ዘመድ አዝማድ ይዞ ቅጠል በወተት አስገድዶ አስጋታት፣ ከዛም ቤት ውስጥ ነበልባል ለቀቀባት። ሬሳዋ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ፣ እሱ ግን ፎርቱ አጠገብ ሄዶ እውነተኛዋ ሚስቴ በነጭ ፈረስ ትመጣለች ብሎ ይጠብቅ ነበር። ፍርድ ቤት ሆን ተብሎ ያልተደረገ ግድያ ብሎ ሀያ አመት ፈረደበት፣ አስራ አምስቱን ታሰረ። ስለዚህ ደስ የሚል ተረት ብቻ አይደለም።

ከኤኒስ_ወዲህ፦
ልክ ነህ፣ ግን ያው እምነት ስንት ሺህ ቅርስ ከቡልዶዘር እንዳተረፈም ንገረዋ። ህግ በ1930 ከመምጣቱ በፊት እነዚህን ግድቦች የጠበቃቸው ፖሊስ አይደለም። ከ40,000 በላይ ዛሬም አሉ። ደግሞ የገበሬ ብቻ ነገር እንዳይመስልህ፣ በ2017 ዳኒ ሂሊ-ሬ የሚባል የኬሪ የፓርላማ አባል ከኪላርኒ ወደ ኮርክ የሚሄደው መንገድ በተጠገነ ቁጥር የሚሰምጠው በጥሩዎቹ ሰዎች ምክንያት ነው ብሎ በአደባባይ ተናግሯል፣ ሰው ስቆበታል፣ እሱ ግን ሀሳቡን አልቀየረም።

@ዝናብ_በዝናብ ለተግባሩ ደግሞ ስማ። አንደኛ ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31 አጥርና ቁጥቋጦ መቁረጥ በህግ ክልክል ነው፣ ወፎች እንቁላል ጥለው የሚፈለፍሉበት ጊዜ ስለሆነ፣ ስለዚህ ሽማግሌው ቢፈቅዱህም መንግስት አይፈቅድልህም። ሁለተኛ የብሔራዊ ቅርሶች አገልግሎቱ ኦንላይን ካርታ አለው፣ ሰፈርህን አጉላና ቀይ ነጥብ ካለ ጠቅ አድርግ፣ ግድቡ ተመዝግቦ ታገኘዋለህ፣ ተመዝግቦ ከሆነ መቆፈር ቀልድ አይደለም። ሶስተኛ ዱኻስ የሚባለውን ዌብሳይት ክፈት። ከ1937 እስከ 1939 የአየርላንድ ፎክሎር ኮሚሽን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ደብተር ሰጥቶ አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ አላቸው፣ ወደ 50,000 ልጆች ናቸው የጻፉት፣ አሁን የእጅ ጽሁፋቸው ስካን ተደርጎ በትምህርት ቤት ስም ተቀምጧል። የኔን ሰፈር ስፈልግ ያገኘሁት ቅቤ በድግምት እንዳይሰረቅ ሜይ 1 ቀን ከቤት እሳት አይወጣም፣ ወተት ለጎረቤት አይሰጥም የሚል ነው፣ አንዷ ልጅ ቀለም አፍስሳበት ጠርዙን በጣቷ ጠርጋዋለች፣ አሻራዋ ድረስ ይታያል። አንዳንዱ በአይሪሽኛ ነው፣ አብዛኛው ግን እንግሊዝኛ ነው አትፍራ።

ሰላማዊት_ጎልዌይ፦
እና አበባዋን እንዳትቀጥፍ ሃሃ፣ ሜይ ላይ ነጭ በነጭ ስትሆን ታምራለች ግን ቤት ውስጥ አይገባም፣ ሞት ያመጣል ይላሉ። አንዴ ሳላውቅ ለእራት ክፍል ጠረጴዛ ይዤ ገብቼ አንዱ አዛውንት ከነማሰሮው አስወጡኝ።

መረጃ_ካለ_አምጣ፦
ለሱ እንኳን ኬሚስትሪ አለው። አበባው ውስጥ ያለው ትራይሜትላሚን ስጋ ሲበሰብስም የሚወጣ ነገር ነው። ሬሳ ቤት ውስጥ ቀናት ይቆይ በነበረበት ዘመን ሰው ሽታውን ያውቀዋል።

ዝናብ_በዝናብ፦
አፕዴት። ካርታውን አየሁት፣ ቀይ ነጥብ አለ። ዱኻስ ላይ የኛን ትምህርት ቤት አገኘሁትና በ1938 የተጻፈ አንድ ገጽ ፕሪንት አድርጌ ለሽማግሌው ወሰድኩላቸው፣ ስለ አንድ ጉድጓድ ውሃ ነው የሚያወራው፣ ዛፏን አያነሳም። መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያገኙ አስር ደቂቃ ፈጀ። ከታች የጻፈችዋን ልጅ ስም ሲያዩ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በእጃቸው አስተካከሉት። ታላቅ እህታቸው ናት። የእጅ ጽሁፏን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው፣ እሳቸው ሳይወለዱ ነው የጻፈችው፣ እንግሊዝ ሄዳ እዛው ቀርታለች።

ስለ ግድቡ ምንም አልጠየቅኳቸውም። ዲሹን ወደ ጋራዡ ጣሪያ አዛውሬዋለሁ፣ ኬብሉ አስራ ሁለት ሜትር ተጨማሪ ወሰደ፣ ሲግናሉ ከበፊቱ ይሻላል።